ብረት ለመጀመር፦ ጂም፣ የሰፈር ብረት ቤት ወይስ ቤታችሁ?

ብረት ልጀምር ብሎ ያሰበ ሰው ምክር አያጣም። አንዱ ማሽን የሞላበት ጂም ግባ ይለዋል፤ ሌላው «ፑሽ አፕ ምን ሆነና?» ብሎ ይስቅበታል፤ የጎረቤት ልጅ ደግሞ ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልቶ የሠራውን ብረት ያሳየዋል። እውነቱን ለመናገር በሦስቱም ሰውነት ያወጡ ሰዎች አሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልዩነታቸው እምብዛም አይታይም፤ ሰውነት ምንም ስላልለመደ ያገኘውን ሁሉ ይቀበላል። ልዩነቱ የሚመጣው በሁለተኛው ወር ገደማ፣ የጀመርንበት ክብደት ሲቀልና ቀጣዩ ደግሞ አልነሣ ሲል ነው።

አማራጮቹን የማወዳድረውም በዚያ በኩል ነው፦ ክብደቱን በትንሽ በትንሹ መጨመር ይቻላል ወይ? ጡንቻ የሚጠነክረው ከለመደው ጥቂት ከፍ ያለ ነገር ሲጫንበት ነው። ጭማሪው ከበዛ አሠራሩ ይበላሻል፣ ጉዳትም ይመጣል፤ ጭማሪ ከሌለ ደግሞ ባለበት ይቆማል። ጀማሪ በየልምምዱ 2.5 ኪሎ፣ ማለትም በግራ 1.25 በቀኝ 1.25 እየጨመረ ለሳምንታት መሄድ ይችላል። ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጢጥ ብሎ መነሣት) በ30 ኪሎ የጀመረ ሰው በሳምንት ሦስት ቀን እየሠራ እንዲህ ቢጨምር በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ 57.5 ኪሎ ላይ ይደርሳል። መጀመሪያ ላይ የሚመጣው ጉልበት አብዛኛው ጡንቻ ስለወፈረ አይደለም፤ ነርቭ ያለውን ጡንቻ ማዘዝ ስለሚማር ነው። ለዓመታት የሠራ ሰው ይህን ያህል ለመጨመር ብዙ ወር ይፈጅበታል። ጀማሪ ያለው ትልቁ ሀብት ይህ ጊዜ ስለሆነ፣ ጭማሪው በማይመችበት ቦታ ማባከን ያስቆጫል።

ሁለተኛው መለኪያ ቅርበት ነው። ሁለት ታክሲ ተይዞ የሚደረስበት ጂም የቱንም ያህል ቢያምር ክረምቱ ሲገባ ይቀራል። በእግር የሚደረስበት ደከም ያለ ጂም ይሻላል። ስለ ቅርበት ከዚህ በላይ የምለው የለም።

ጂም

ጂም ልታዩ ስትሄዱ መሮጫ ማሽኑንና መስተዋቱን ተዉት። በቀጥታ ፕሌቶቹ (ዘንጉ ጫፍ ላይ የሚሰኩት ክብ ክብደቶች) ወደተደረደሩበት ጥግ ሂዱና ትንሿን ፕሌት ፈልጉ። 1.25 ኪሎዋ አለች? ሁለት ናት? ብዙ ቦታ 20ና 10 ኪሎው ተትረፍርፎ ትንሿ ጠፍታለች፤ አንዷ ብቻ ተርፋ በር ማስደገፊያ ሆና አይቻለሁ። ትንሿ ከሌለች ዝቅተኛው ጭማሪ 5 ኪሎ ይሆናል። ይህ ለስኳት ለጊዜው ያስኬዳል፤ ከራስ በላይ ለሚገፋ ግን በሁለተኛው ሳምንት ያስቆማል። የሌላውን ሁሉ የሚያሟላ ጂም ከሆነ የራሳችሁን ጥንድ 1.25 ገዝታችሁ በቦርሳ መያዝ ትችላላችሁ፤ የሚከለክል ባለቤት አላጋጠመኝም።

ቀጥሎ ዘንጉ። የውድድሩ መደበኛ የወንዶች ዘንግ 20 ኪሎ ይመዝናል፣ ርዝመቱ 2.2 ሜትር ነው፤ የሴቶቹ 15 ኪሎ፣ 2.01 ሜትር። ጂም ውስጥ ያለው ሁሉ ግን መደበኛ አይደለም፤ 10 እና 12 ኪሎ የሚሆኑ አጫጭር ዘንጎች ሞልተዋል። ይህ ለሴቶች ወሳኝ ነው። ብረት ነክታ የማታውቅ ሴት 20 ኪሎ ዘንግ ባዶውን ከራሷ በላይ መግፋት ቢያቅታት የሚገርም ነገር የለውም፤ «ገና ነሽ» ብሎ ወደ መሮጫ ማሽን የሚልካት አሰልጣኝ ግን ቀለል ያለ ዘንግ መፈለግ የነበረበት እሱ ነው።

የፕሌቶቹን ጽሑፍም አንብቡ። ከተለያየ አገር የገቡ ዕቃዎች ስለሚቀላቀሉ ኪሎና ፓውንድ አንድ መደርደሪያ ላይ ይገኛሉ። 45 ፓውንድ 20.4 ኪሎ ስለሆነ ከ20 ኪሎው ጋር ቢጣመር ብዙ ጉዳት የለውም። 25 ፓውንዱ ግን 11.3 ኪሎ ነው፤ መልኩ ከ10 ኪሎው ጋር ተመሳስሎባችሁ በግራና በቀኝ ብትጭኗቸው ዘንጉ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ እናንተ ደግሞ ትከሻዬ ምን ነካው ስትሉ ትሰነብታላችሁ።

ስኳት የሚሠራበት ራክ (የዘንጉ ማስቀመጫ ቋሚ) ግራና ቀኝ አግዳሚ መያዣ ብረት ካለው ብቻውን ለሚሠራ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ አልነሣ ያለው ክብደት እዚያ ላይ ያርፋል። በመጨረሻ፣ ጂሙን የምታዩት እናንተ በምትሠሩበት ሰዓት ይሁን። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ጭር ያለ ጂም ከማታው 12 እስከ 2 ሰዓት ለአንድ ቤንች (ተኝተው ብረት የሚገፉበት አግዳሚ) አምስት ሰው የሚሰለፍበት ሊሆን ይችላል። የሦስት ወርና የዓመት ክፍያ ቅናሹ ቢያጓጓም መጀመሪያ የአንድ ወር ብቻ ክፈሉ።

የሰፈር ብረት ቤት

ቆርቆሮ ዙሪያውን፣ የውኃ ቧንቧ ዘንግ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ሲሚንቶ የተሞላ የቀለም ጣሳ። አዲስ አበባ ውስጥ ስንቱ ፈርጣማ ከዚህ እንደወጣ የሰፈሩ ሰው ያውቃል። ክፍያው ትንሽ ነው፣ ቅርብ ነው፣ ከሁሉ በላይ ሰው አለ። ቤንች ላይ ተኝታችሁ ብረቱ ደረታችሁ ላይ ቢቀር ሳትጠሩት የሚያነሣላችሁ ሰው ከጎን አይጠፋም፤ ሁለት ቀን ብትቀሩ ደግሞ የት ጠፋህ፣ የት ጠፋሽ የሚል አለ። ይህን ዘመናዊ ጂም በገንዘብ አይሸጥም።

ችግሩ ክብደቱ አለመታወቁና ዝላዩ ትልቅ መሆኑ ነው። በግምት እንሥራው፦ የተጠቀጠቀ ኮንክሪት በሊትር ወደ 2.4 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 4 ሊትር የቀለም ጣሳ ሲሞላ 9.5 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ሁለቱ 19፣ ከቧንቧው ጋር 23 ወይም 24። ቀጣዩ ብረት ባለ 10 ሊትር ባልዲ ከሆነ ሁለቱ ባልዲ ብቻ 48 ኪሎ ነው። በመካከላቸው ምንም የለም። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ሁለት መጥፎ ምርጫ ይገጥመዋል፦ የቀለለውን ሃምሳ ጊዜ መደጋገም ወይም ያልቻለውን በወገቡ እየጎተተ ማንሣት።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ሲሞላ ግማሽ ኪሎ፣ ባለ አንድ ሊትሩ አንድ ኪሎ ነው፤ በሲባጎ ጫፍና ጫፉ ላይ አጥብቆ ማሰር ይቻላል። አሸዋ በሱቅ ሚዛን አስመዝኖ በወፍራም ፌስታል ቋጥሮ ማንጠልጠልም ይሠራል። የዘንጉን እውነተኛ ክብደት ለማወቅ ደግሞ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች አንዱን ወደ ግቢ ጥሩት፤ መጀመሪያ ባዶ እጃችሁን፣ ቀጥሎ ብረቱን ታቅፋችሁ ቁሙ፤ ልዩነቱ የብረቱ ክብደት ነው። ልጁ ይስቃል፣ ግን ለሁሉም ብረት ቁጥር ጽፋችሁ ስትወጡ ብረት ቤቱ ራሱ ያመሰግናችኋል።

ከመጀመራችሁ በፊት ዘንጉን መሐሉ ላይ በገመድ አንጠልጥላችሁ እዩት። ሲሚንቶው በዓይን ግምት የተሞላ ስለሆነ አንዱ ጫፍ ወደ ታች ከወረደ ቅድም ያልኩት አሸዋ በቀለለው በኩል ይታሰራል። ጣሳው ከቧንቧው ጋር የተያያዘበት ቦታ ተሰንጥቆ እንደሆነም ተመልከቱ፤ የተሰነጠቀውን ከራስ በላይ አታንሡት።

ቤት ውስጥ

ልጅ ላላት እናት፣ ሥራ አምሽቶ ለሚገባ፣ ወይም በሰው ፊት መሥራት ለሚያፍር ሰው ቤት ከሁሉም ይቀድማል። እንዲያውም ለብዙ ሴቶች ምርጫው ይህ ብቻ ነው፤ በአረብ አገር በአሠሪ ቤት የሚኖሩ እህቶቻችንም እንዲሁ።

ደምቤል (በአንድ እጅ የሚያዝ አጭር ብረት) ለመግዛት ካሰባችሁ ክብደቱ የሚቀያየረውን፣ ጫፉ በብሎን የሚጠብቀውን ምረጡ። ቋሚ ክብደት ያለው ደምቤል በወሩ ይቀልና ከአልጋ ሥር ይገባል። በቴሌግራም ያገለገለ ስትገዙ የፕሌቱን ቀዳዳ ጠይቁ፤ የጂሙ ዘንግ ጫፍ 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን የቤቱ ዓይነት ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንዱ ለሌላው አይሆንም። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ዴድሊፍትን (ብረት ከወለል አንሥቶ ቀጥ ብሎ መቆምን) ከታች ያለው ጎረቤት ሳይመጣ በፊት አስቡበት፤ ወፍራም ምንጣፍ አንጥፎ ቀስ ብሎ ማስቀመጥ እንጂ መጣል የለም።

ምንም ለማይገዛ ሰው ፑሽ አፕ ከግድግዳ ይጀመራል፣ ወደ ጠረጴዛ፣ ከዚያ ወደ ወለል ይወርዳል፤ ራሱ ደረጃ በደረጃ ጭማሪ ነው። እግር ነው የሚያስቸግረው፤ ባዶ ስኳት ቶሎ ይቀላል። እዚህ ላይ የቢጫው ጀሪካን ነገር ይገርመኛል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከማንኛውም ደምቤል የተሻለ የሚስተካከል ክብደት ነው፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ዛሬ 8፣ ከነገ ወዲያ 9 እያላችሁ መሙላት ነው። ደረታችሁ ላይ ታቅፋችሁ ስኳት፣ በአንድ እጅ ይዛችሁ ጎንበስ ብሎ ወደ ሆድ መሳብ ይሠራበታል። ባለ 5 ሊትሩ የዘይት ጀሪካን ደግሞ ከራስ በላይ ለመግፋት ልክ ነው። ክዳኑ መጥበቁን ብቻ እዩ።

ቤት ውስጥ ብቻችሁን ሆናችሁ ቤንች በባርቤል (ፕሌት በሚጫንበት ረጅሙ ዘንግ) አትሥሩ። ግድ ከሆነ የፕሌት ማጥበቂያውን አታድርጉበት፤ ብረቱ ደረት ላይ ከቀረ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ፕሌቱን ማራገፍ ይቻላል። በደምቤል ከሆነ ወደ ጎን ጥሎ መነሣት ነው።

ባርቤል፣ ደምቤል ወይስ ማሽን?

ጂም ለገባ ሰው ቀጣዩ ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱም ከዚያው መለኪያ ይወጣል። 40 ኪሎ ባርቤል ላይ 2.5 መጨመር 6 በመቶ ገደማ ነው። በየእጁ 10 ኪሎ ደምቤል የያዘ ሰው ወደ 12.5 ሲሄድ 25 በመቶ ይዘላል። ስለዚህ በደምቤል የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚጨምረው ድግግሞሹን ነው፤ በ8 ጀምሮ 12 ሲደርስ ክብደቱን ከፍ አድርጎ ወደ 8 ይመለሳል። ይህ ዘገም ይላል እንጂ ይሠራል።

ማሽን ለመልመድ ቀላል ነው፤ ወገቡን ለታመመ፣ ዕድሜው ለገፋ፣ አሠራሩን የሚያሳየው ሰው ላጣ ጥሩ መግቢያ ነው። ሰዎች የሚንቁትን ያህል አይናቅም። ሁለት ነገር ግን እወቁ። የክብደት መምረጫው ፒን አንድ ቀዳዳ ወደ ታች ሲወርድ ጭማሪው ብዙውን ጊዜ 5 ኪሎ ነው፤ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ እንደ መዘውሩ አሠራር ስለሚለያይ እዚህ ጂም 40 የሳበ ሰው ሌላ ጂም 30 ላይ ቢያቃስት ደክሞ አይደለም። በሐዲድ ላይ የሚንሸራተተው ባርቤል፣ ስሚዝ ማሽን የሚሉት፣ እንዲሁ ነው፤ የዘንጉ ክብደት ከማሽን ማሽን ይለያያል። አሜሪካ ያላችሁ በወርኃዊ ክፍያቸው ርካሽ የሆኑ አንዳንድ ሰንሰለት ጂሞች ውስጥ ነፃ ባርቤል ጭራሽ ላታገኙ ትችላላችሁ፤ ያ ከሆነ በእሱ ፈንታ ደምቤል ደረት ላይ አቅፎ ስኳት መሥራት ይሻላል።

የእኔ ምርጫ ይህ ነው፦ ለእግርና ለጀርባ ባርቤል፤ ለደረትና ለትከሻ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ደምቤል፣ ከዚያ ባርቤል። ዴድሊፍት ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ትልቁ ፕሌት ዲያሜትሩ 45 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ዘንጉ ከወለል 22.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ አሠራሩ የተለካውም በዚያ ነው። ጀማሪ የሚጭነው ትናንሽ ፕሌት ሲሆን ዘንጉ ወደ እግር ጣት ይወርድና ወገብ ሳይጎብጥ አይደረስበትም። ከፕሌቶቹ ሥር እንጨት ወይም ሌላ ፕሌት አነባብራችሁ ከፍ አድርጉት፤ ዘንጉ ቁርጭምጭሚትና ጉልበት መካከል ላይ መምጣት አለበት።

ሙሉ ሰውነት ወይስ በክፍል በክፍል?

ሰኞ ደረት፣ ማክሰኞ ጀርባ፣ ረቡዕ እግር፣ ሐሙስ ትከሻ፣ ዓርብ ክንድ። ጂም የገባ ሁሉ የሚሰጠው ይህ ነው፤ ሰኞ ቤንቹ የሚጨናነቀውም ለዚህ ነው። ለቆየ ሰው ያስኬዳል። ለጀማሪ ግን ብክነት ነው፤ የጀማሪ ጡንቻ በሁለት ቀን ገደማ ለቀጣዩ ሲዘጋጅ ሳምንት ሙሉ ያስጠብቀዋል፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ሊጨምር የሚችለውን አንዴ ብቻ ይጨምራል። ደግሞም ሰው ነን፦ ልቅሶ ይኖራል፣ ሠርግ ይኖራል። ረቡዕ የቀረ ሰው እግሩን ለሁለት ሳምንት አልሠራም ማለት ነው (እግር ደግሞ የሚቀረው ሁልጊዜ በአጋጣሚ አይደለም)። ሙሉ ሰውነት የሚሠራ ሰው አንድ ቀን ቢቀር ምንም አይጎድልበትም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይመክራልና ሁለት ቀን ብቻ ያለውም ሰው አይዘን።

ሁለት ዓይነት ልምምድ እያፈራረቁ መሥራት ይበቃል። አንዱ ቀን ስኳት፣ ቤንች፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ሆድ መሳብ፤ ሌላው ቀን ስኳት፣ ከራስ በላይ መግፋት፣ ዴድሊፍት። እያንዳንዱ ሦስት ዙር፣ በዙሩ 5 ድግግሞሽ፤ ዴድሊፍት ከባድ ስለሆነ አንድ ዙር። ከዚህ በፊት በባዶ ዘንግና በቀለለ ክብደት ሁለት ሦስት ዙር ማሟሟቅ አለ። በዙሮች መካከል ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ዕረፍት፤ ስልክ ይዞ 10 ደቂቃ መቀመጥ ዕረፍት አይባልም። አንድ ክብደት ሦስት ልምምድ ተሞክሮ እምቢ ካለ 10 በመቶ ቀንሶ እንደገና መውጣት ነው። ከራስ በላይ መግፋት ቀድሞ ይቆማል፤ አትደንግጡ፣ ጡንቻው ትንሽ ስለሆነ ነው።

ኦሎምፒክ ላይ የምናየው ክብደት ማንሣት ግን ሌላ ነገር ነው። ከወለል በአንድ ጉዞ ከራስ በላይ ማድረስና በሁለት ጉዞ ትከሻ ላይ አሳርፎ መግፋት ነው፤ ሦስተኛው፣ ቆሞ መግፋቱ፣ ከ1972 የሙኒክ ኦሎምፒክ በኋላ ቀርቷል፤ ሴቶች የገቡት በ2000 ሲድኒ ላይ ነው። በጣም የሚያምር ስፖርት ነው፤ የሚያውቅ አሰልጣኝ፣ የሚጣል የጎማ ፕሌትና የእንጨት መድረክ ከሌለ ግን በቪዲዮ አይጀመርም።

አሰልጣኝ ወይስ ስልክ?

አቅም ካለ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ልምምዶች ለአሰልጣኝ መክፈል ከማንኛውም ጓንትና ቀበቶ ይበልጣል። ጥሩውን የምታውቁት ቀላል ነው፦ ያነሣችሁትን ይጽፋል፤ ስትሠሩ ያያችኋል እንጂ ስልኩን አያይም። በመጀመሪያው ቀን እስክታስመልሱ የሚያሠራውን አመስግናችሁ ተሰናበቱት። ሕመሙ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል፤ ደረጃ ለመውረድ ግድግዳ መያዝ ደግሞ ጥሩ የመሠራቱ ምልክት አይደለም፤ ከአቅም በላይ የመሠራቱ ነው።

አሰልጣኝ ለሌለው ስልኩ ይበቃል፤ ግን ለማየት ብቻ ሳይሆን ለመቅረጽ። በወገብ ቁመት ልክ ከጎን አስደግፉትና የመጨረሻውን ዙር ቅረጹ። ስኳት ላይ ዘንጉ ከእግር መሐል በላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል ወይስ ወደ ፊት ይሄዳል? ተረከዝ ይነሣል? ዴድሊፍት ላይ ወገብ ይጎብጣል? እነዚህን ሦስቱን ማየት ባለሙያ አይጠይቅም። ደም ግፊት ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ከባድ ሲነሣ ትንፋሽ መያዝ ግፊቱን በጣም ከፍ ያደርገዋል።

ምግብ፣ ጾምና ዱቄት

ለጡንቻ በቀን በኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ፕሮቲን ከተገኘ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚጨምረው እምብዛም ነው። 65 ኪሎ ለሆነ ሰው 104 ግራም ማለት ነው። በፍስክ አይቸግርም፤ አንድ እንቁላል ብቻ ወደ 6 ግራም አለው። ጥያቄው ጾም ሲገባ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ጾም መጣ ብሎ ብረት የሚያቆም ሰው ብዙ ነው፤ ሒሳቡ ግን ይሞላል። 100 ግራም ደረቅ ምስር 25 ግራም ገደማ፣ 80 ግራም ሽሮ 16፣ 50 ግራም ኦቾሎኒ 13፣ በ250 ግራም የጤፍ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ 30 ገደማ። 84 ሆነ። 50 ግራም አኩሪ አተር ቆልቶ መቆርጠም ቀሪውን ይሸፍናል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ልምምዱን ወደ ማታ ያዙረው፤ ረመዳንን የሚጾምም ካፈጠረ በኋላ ይሥራ።

ከሚሸጡት ዱቄቶች የወተት ፕሮቲኑ ምግብ ነው፤ እንቁላልና ወተት ለሚያገኝ ሰው የግድ አይደለም፣ ለጾምም አይሆንም። ክሬያቲን፣ ለጉልበት የሚወሰደው ዱቄት፣ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም በደንብ የተፈተነና የሚሠራ ነው፤ በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋና ከዓሣ ስለሆነ የሚጾም ሰው ይበልጥ ይጠቅመዋል። ኩላሊቱን የታመመ አይንካው። ዱቄቱን እንጂ ካፕሱሉን አትግዙ፤ የካፕሱሉ ሽፋን ብዙውን ጊዜ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚሠራ ጄላቲን ነው። በሦስት ወር ሰውነት የሚያወጣ መርፌ ወይም ክኒን አለኝ የሚላችሁ ሰው የሚሸጠው ሆርሞን ነው፤ የወንድ ዘር ምርትን ያቆማል፣ ልብን ይጎዳል፣ የሴቶችን ድምፅ ያጎረንናል፤ ድምፁ ደግሞ መድኃኒቱን ቢያቆሙትም ላይመለስ ይችላል። ብረት ብቻውን ሴትን ወንድ አያስመስልም፤ የሚያስመስለው ይህ ነው።